ሁለት ራውተር በአንድ ግቢ፦ አርቸር ሲ6 ከሰርቪስ ቤቱ ሆኖ እንዴት ሠራልን?

አያት አካባቢ ያለው ቤታችን እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ግቢዎች ከፊት ዋና ቤት፣ ከኋላ ደግሞ ሰርቪስ ቤት አለው። የፋይበሩ መስመር የሚገባው በሳሎኑ መስኮት በኩል ስለሆነ አገልግሎት ሰጪው የተከለልን ራውተርም ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ታናሽ ወንድሜ ግን የሚያድረውም፣ የሚያጠናውም፣ በፕሌይስቴሽን ኳስ የሚጫወተውም ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል ሁለት የብሎኬት ግድግዳ፣ 12 ሜትር ያህል የሚረዝም ግቢና ዙሪያውን በቆርቆሮ የተሠራ ማድቤት አለ። ሳሎን ውስጥ የገዛነውን 25 ሜጋ ቢት ሙሉውን የሚያሳየው ስልክ ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ 3 ወይም 4 ያሳያል፤ ወደ አልጋው ጠጋ ሲባል ደግሞ ዋይፋዩ ጨርሶ ይጠፋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህን ለማስተካከል ስለገዛሁት ሁለተኛ ራውተር፣ ማለትም ስለ ቲፒ ሊንክ አርቸር ሲ6፣ እንዲሁም ሁለቱን ራውተሮች ተስማምተው እንዲሠሩ ለማድረግ ስላለፍኩበት መንገድ ነው። ዕቃውን ክረምትን ጨምሮ ከ8 ወር በላይ ተጠቅመንበታል።

ራውተሩን ከመግዛቴ በፊት ርካሹን መንገድ ሞክሬ ነበር። ሶኬት ላይ የሚሰካውንና በተለምዶ ሪፒተር የሚባለውን የዋይፋይ ማራዘሚያ ገዝቼ ማድቤቱ ውስጥ ሰካሁት። የስልኩ የዋይፋይ ምልክት ወዲያውኑ ሞላ፤ ወንድሜም ደስ አለው። ማታ ጨዋታ ሲጀምር ግን ኳሱ እግሩ ሥር ደርሶ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ተጫዋቾቹ ባንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ ይገኛሉ። ምክንያቱ በኋላ ገባኝ። እንዲህ ያለው ማራዘሚያ ከዋናው ራውተር የሚቀበለውም ወደ መሣሪያው የሚያስተላልፈውም በዚያው ሬዲዮና በዚያው ቻናል ከሆነ፣ እያንዳንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ማሳለፍ ስለሚኖርበት ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ የሚቀበለው ምልክት ራሱ ደካማ ከሆነ ደካማውን ተቀብሎ ያስተላልፋል እንጂ አያጠራውም። የሞላው ምልክት የሚነግረን ስልኩ ከማራዘሚያው ጋር ያለውን ቅርበት ብቻ ነው።

ኢንተርኔት ላይ የሚጫወት ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩን በ«ፍጥነት» ስም ይጠራዋል፤ እኛም ቤት ክርክሩ «ፓኬጁን እናሳድገው» የሚል ነበር። ጨዋታ ግን የሚፈልገው የውሂብ መጠን በጣም ጥቂት ነው፤ አንድ የኳስ ወይም የተኩስ ጨዋታ በመስመር ላይ ሲካሄድ በአብዛኛው ከ1 ሜጋ ቢት በታች ይበቃዋል። ወሳኙ ፒንግ የሚባለው ነው፤ ይህም ከመሣሪያችን የወጣ መልእክት ጨዋታውን ወደሚያስተናግደው ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት ቀጥታው ርቀት ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ብቻውን ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይጠይቃል፤ መስመሩ ደግሞ ቀጥታ አይሄድም። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ኢንተርኔቱ በጎረቤት አገሮች በኩል አልፎ፣ ለምሳሌ በጅቡቲ በኩል ሲሆን፣ ወደ ባሕር ሥር ገመዶች ይገባል፤ ከዚያም ቀይ ባሕርን፣ ግብፅንና ሜዲትራኒያንን አቋርጦ አውሮፓ ይደርሳል። ስለዚህ አውሮፓ ካለ ሰርቨር ጋር የሚጫወት ልጅ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ፒንግ ቢያይ አያስገርምም፤ የትኛውም ራውተር፣ ካርቶኑ ላይ «ጌሚንግ» የሚል ቢጻፍበትም፣ ይህንን ርቀት አያሳጥርም። ራውተር ሊያስተካክለው የሚችለው የመጀመሪያዎቹን 25 ሜትሮች፣ ማለትም ከክፍሉ እስከ ሳሎን ያለውን መንገድ ነው። የእኛም በሽታ እዚያው ነበር።

ይህንን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ላፕቶፑን ወንድሜ ክፍል ውስጥ ከፍቼ የሳሎኑን ራውተር አድራሻ፣ ማለትም 192.168.1.1ን፣ በፒንግ ትእዛዝ ሳስመታው ቁጥሩ አንዴ 5፣ አንዴ 80፣ አንዴ ከ300 በላይ ይሆናል፤ በመካከሉም መልስ ሳይመጣ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከቤት ሳይወጣ ይህን ያህል የሚዘገይና የሚዋዥቅ መልእክት አውሮፓ ደርሶ ሲመለስ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። የጨዋታ መቆራረጥ ያስቸገረው ሰው ሁሉ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ይህንን እንዲለካ እመክራለሁ። ወደ ራሱ ራውተር የሚሄደው ፒንግ ዝቅተኛና የተረጋጋ ሆኖ ሳለ ጨዋታው የሚቆራረጥበት ሰው ሁለተኛ ራውተር ቢገዛ ገንዘቡን ያባክናል።

አርቸር ሲ6ን የመረጥኩት በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አምስቱም የገመድ ማስገቢያዎቹ እያንዳንዳቸው 1 ጊጋ ቢት የሚያስተላልፉ ናቸው፤ አንዱ ለኢንተርኔት መግቢያ፣ አራቱ ለመሣሪያዎች። እዚህ ላይ ገዢ መጠንቀቅ አለበት፤ ምክንያቱም የዚያው ኩባንያ አርቸር ሲ50 ካርቶኑ ላይ ተመሳሳይ «ኤሲ1200» የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም ማስገቢያዎቹ 100 ሜጋ ቢት ብቻ ናቸው፤ ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተደርድረው ሲታዩ ልዩነታቸው ከዋጋው በቀር አይታወቅም። ሁለተኛ፣ ዋይፋዩ በሁለት ሞገዶች፣ በ5 ጊጋኸርዝ እስከ 867፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ እስከ 300 ሜጋ ቢት ይሠራል። እነዚህ ቁጥሮች በወረቀት ላይ ያሉ ጣሪያዎች ናቸው፤ ነገር ግን ለ25 ሜጋ ቢት መስመር ከበቂም በላይ ናቸው። ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው ምክንያት፣ በማስተካከያ ገጹ ላይ አክሰስ ፖይንት የሚባል፣ ማለትም አድራሻ ማደሉን ለዋናው ራውተር ትቶ ዋይፋይና ገመድ ብቻ የሚያካፍልበት፣ የአሠራር ምርጫ ያለው መሆኑ ነው። ዋይፋይ 6 የሚደግፉ አዳዲስ ራውተሮች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሲ6 የዋይፋይ 5 ዕቃ ነው። የቤታችን መስመር ግን የሲ6ን አቅም እንኳ ሩቡን ስለማይነካ ለአዲሱ ትውልድ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አልታየኝም።

ራውተሩን ሳሎን ወስጄ ከዋናው ጋር በገመድ ሳገናኘውና በስልኬ መተግበሪያ ሳዘጋጀው ሁሉም ነገር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያለቀ መሰለኝ፤ ኢንተርኔት መጣ፣ ፍጥነቱም ሙሉ ነበር። ችግሩ የታየው ማታ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ከተተከለ በኋላ ነው። ፕሌይስቴሽኑ የግንኙነት ሙከራ ሲያደርግ የናት (ራውተሩ የቤቱን አድራሻዎች ወደ ውጭው ኢንተርኔት አድራሻ የሚቀይርበት አሠራር) ዓይነት 3፣ ማለትም በጣም ጥብቁ፣ ብሎ ጻፈ፤ ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር በድምፅ መነጋገርም አልቻለም፤ እኔም ሳሎን ያለውን ፕሪንተር ከሰርቪስ ቤቱ ማግኘት አቃተኝ። የሆነው እንዲህ ነው። ዋናው ራውተር በቤቱ ላሉ መሣሪያዎች 192.168.1 እያለ የሚጀምር አድራሻ ያድላል፤ አዲሱም እንዲሁ ራሱን የቤቱ አዛዥ አድርጎ 192.168.0 እያለ የራሱን አድራሻ ማደል ጀመረ። ፕሌይስቴሽኑ በአንድ ግቢ ውስጥ በሁለት በር ጠባቂዎች ኋላ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ የመጀመሪያውን በር ቢያልፍ እንኳ ሁለተኛው ላይ ይቆማል። ሁለት ራውተር አገናኝተው «ኢንተርኔት አለ፣ ጨዋታው ግን አይገጥምም» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ የተያዙት በዚህ ይመስለኛል።

መፍትሔው አንዱን ብቻ አዛዥ ማድረግ ነው። በሲ6 ላይ ማስተካከያ ገጹን ከፍቶ፣ አድቫንስድ ከሚለው ክፍል ኦፐሬሽን ሞድ የሚለውን አግኝቶ፣ ከራውተር ወደ አክሰስ ፖይንት መቀየርና ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል፤ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሣና ከዚያ በኋላ አድራሻ ማደሉን ለዋናው ይተወዋል። ከዋናው ራውተር የሚመጣው ገመድ በኢንተርኔት ማስገቢያው ላይ እንደተሰካ ይቆያል። አንድ ሰው ግራ ሊጋባበት የሚችለው ነገር፣ ከዚህ በኋላ ሲ6 በፊት በነበረው 192.168.0.1 አድራሻ አለመገኘቱ ነው፤ አዲሱን አድራሻ የሚሰጠው ዋናው ራውተር ስለሆነ የሚገኘውም በዋናው ራውተር ላይ፣ የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ነው። እኔ ፈልጌ ካገኘሁት በኋላ አድራሻውን በወረቀት ጽፌ ራውተሩ ሥር ለጥፌዋለሁ።

ቤቱ ውስጥ ተኝቶ የቀረ አሮጌ ራውተር ያለው ሰው አዲስ መግዛት ላያስፈልገው ስለሚችል በዚህ ላይ ጥቂት ልጨምር። አሮጌው አክሰስ ፖይንት የሚል ምርጫ ባይኖረውም ሥራው በእጅ ሊከናወን ይችላል። መጀመሪያ ከዋናው ሳይገናኝ ለብቻው ይከፈትና የራሱ አድራሻ ዋናው ከሚጠቀምበት ተርታ ውስጥ ሆኖ ግን ማንም ያልያዘው እንዲሆን ይደረጋል፤ ለምሳሌ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ አሮጌው 192.168.1.2 ይሆናል። ቀጥሎ አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት፣ ዲኤችሲፒ የሚባለው፣ ይጠፋል። በመጨረሻም ከዋናው የሚመጣው ገመድ ለኢንተርኔት በተለየው ማስገቢያ ሳይሆን ለመሣሪያዎች ከተዘጋጁት በአንዱ ላይ ይሰካል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ ዲኤችሲፒ ሳይጠፋ ገመዱን ቀድሞ የሚሰካ ሰው ሁለቱም እኩል አድራሻ ሲያድሉ የቤቱ ስልኮች አንዳንዶቹ ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ አይሠሩም፤ ምክንያቱንም ለማግኘት ብዙ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል።

ወደ ገመዱ ልመለስ፤ ምክንያቱም በእኔ እምነት ከሁለቱ ራውተሮች ይልቅ የሥራው ልብ እርሱ ነው። ከሳሎን ተነሥቶ በግድግዳው ሥር ዞሮ ሰርቪስ ቤቱ የሚደርስ 35 ሜትር ካት 6 የሚባል የኔትወርክ ገመድ ገዛሁ። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል ስለሚባል ርዝመቱ አላሳሰበኝም፤ ያሳሰበኝ ዓይነቱ ነበር። በገበያው ላይ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራና አሉሚኒየም ሆኖ ከላይ መዳብ የተቀባ ገመድ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ሻጩ ወጣት ምላጭ አውጥቶ የሁለቱንም ሽቦ ቆዳ ፈቅፈቅ አደረገልኝ፤ የአንዱ ውስጡ እስከ መጨረሻው ቀይ ነው፣ የሌላው ከሥሩ ነጭ ብረት ብቅ አለ። ነጩ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በቀላሉ ይሰበራል፣ በረጅም ርቀትም ምልክቱን ያዳክማል። መዳቡን ወሰድኩ።

ጫፎቹን እዚያው ሱቅ ውስጥ አሰርልኝ አልኩት። ስምንቱን ሽቦዎች ፈትቶ፣ በጣቱ አቃንቶ፣ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ አድርጎ ደረደራቸውና አርጄ 45 በሚባለው ጫፍ ውስጥ አስገብቶ ቀጨው። ላፕቶፔ ላይ ስንሞክረው ሠራ፤ የግንኙነቱ ፍጥነት ግን 1,000 መሆን ሲገባው 100 ይላል። «እህቴ፣ ለቤት ኢንተርኔት እኮ 100ውም ይበቃሻል» አለኝ። ለመስመራችን እውነቱን ነበር። ሆኖም 100 ሜጋ ቢት ከስምንቱ ሽቦዎች በአራቱ ብቻ የሚሠራ ሲሆን ጊጋ ቢት ግን ስምንቱንም ስለሚፈልግ፣ ቁጥሩ መውረዱ አንዱ ሽቦ በትክክል አለመያዙን የሚናገር ምልክት ነው፤ ዛሬ ቡናማው ያልያዘ ጫፍ ነገ አረንጓዴውንም ሊለቅ ይችላል። ይህንን ስነግረው ጫፉን ወደ መብራቱ አቅርቦ አየው፤ ቡናማው ሽቦ ከሌሎቹ በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል አጥሮ የወርቅማውን ጥርስ ሳይነካ ቀርቷል። ምንም ሳይከፋው ቆርጦ እንደገና አሰረው፤ ቁጥሩም 1,000 ሆነ። ማንም ገመድ የሚያሳስር ሰው ከሱቁ ሳይወጣ ይህንን ቁጥር እንዲያይ በብርቱ እመክራለሁ።

ገመዱ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገብቶ፣ ከመብራት ገመድ ተለይቶ፣ በአጥሩ ሥር ተቀበረ። ሲ6 የወንድሜ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ፕሌይስቴሽኑም በዋይፋይ ሳይሆን በአጭር ገመድ ከእርሱ ጋር ተያያዘ። የእኛ ፕሌይስቴሽን 4 የመጀመሪያው ዓይነት ስለሆነ በዋይፋይ የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ የመጣው ከዚያ በኋላ በወጡት ስሊምና ፕሮ ላይ ነው። ስለዚህ ራውተሩ ምንም ያህል ጥሩ 5 ጊጋኸርዝ ቢኖረው ለእርሱ ጥቅም አልነበረውም፤ ገመዱ ግን ይህንን ጉዳይ ሙሉ በሙሉ አስቀረው። ለስልኮች ሁለቱም ራውተሮች አንድ ዓይነት ስምና የይለፍ ቃል እንዲኖራቸው፣ ቻናላቸው ግን እንዲለያይ አደረግሁ፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሳሎኑ 1፣ የሰርቪስ ቤቱ 11 ላይ ነው። በዚህ ተርታ እርስ በርስ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ ራውተሮቹን 1 እና 3 ላይ ማስቀመጥ መለየት አይባልም።

ውጤቱ በግልጽ የሚታይ ነው። ከወንድሜ ክፍል ወደ ሳሎኑ ራውተር የሚሄደው ፒንግ አሁን በገመድ ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው፤ ለሰዓታትም ሳይንቀሳቀስ እዚያው ይቆያል። ፍጥነቱ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥም እንደ ሳሎን 25 ሜጋ ቢት ነው፤ የናት ዓይነቱም ወደ 2 ተመልሷል። ወደ አውሮፓ ሰርቨሮች ያለው ፒንግ ከ130 እስከ 140 ባለው መካከል ነው። ዝቅ አላለም፤ ዝቅ እንደማይልም ቀድሜ አውቄ ነበር። ነገር ግን ተረጋጋ፤ ተጫዋች ደግሞ 135 ሆኖ የሚቆይን መዘግየት እጁ ይለምደዋል፣ አንዴ 120 አንዴ 500 የሚሆነውን ግን መቼም ሊለምደው አይችልም። ወንድሜ «አሁን ስሸነፍ በራሴ ጥፋት ነው» ሲለኝ ለአንድ ዕቃ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት አልጠብቅም።

አንድ ያልተፈታ ነገር ግን ቀርቷል። ቤተሰቡ ሲሰበሰብና አንድ ሰው ከስልኩ ብዙ ቪዲዮ መላክ ሲጀምር መስመሩ ይሞላል፤ ከዚያ የጨዋታው መልእክት ከቪዲዮው ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ፒንጉም ገመድ ኖረም አልኖረም ይጨምራል። ለዚህ መድኃኒቱ ኪውኦኤስ የሚባለው፣ ማለትም ለጨዋታው ቅድሚያ የሚሰጥ አሠራር ነው። ይሁን እንጂ ሲ6 አክሰስ ፖይንት ሲሆን ይህንን ሥራ አይሠራም፤ ቅድሚያ መስጠት የሚችለው መስመሩን የሚያዝዘው ራውተር ብቻ ነውና። ስለዚህ እኔ በዋናው ራውተር ላይ የስልኮቹን የመላኪያ ፍጥነት ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ አድርጌ ገደብኩ፤ የፎቶ መጠባበቂያቸውንም ወደ ሌሊት አዛወርኩ። ሙሉ መፍትሔ የሚፈልግ ሰው የአገልግሎት ሰጪውን ሳጥን መስመሩን ብቻ ወደሚያሳልፍበት፣ ብሪጅ ወደሚባለው አሠራር አስቀይሮ ሲ6ን ራሱን የቤቱ አዛዥ ማድረግ ይኖርበታል።

ሁለት ራውተር ማገናኘት ፍጥነትን ይደምራል ብለው የጠየቁኝ ሰዎች አሉ። አይደምርም፤ አንድ መስመር በሁለት ራውተር ቢያልፍም ያው አንድ መስመር ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሁለት ድርጅት ኢንተርኔት ያላቸው ቤቶች ቢኖሩም፣ ሁለቱን ለማጣመር ለዚያ ተብሎ የተሠራ ራውተር ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜም አንድ ጨዋታ የሚሄደው በአንዱ መስመር ብቻ ነው። በአንድ ፎቅ ላይ ባለ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደግሞ ሁለተኛ ራውተር ከመግዛቱ በፊት ያለውን ከጥግ አንሥቶ ኮሪደሩ መካከል ከፍ አድርጎ ቢያስቀምጠው ችግሩ በዚያው ሊያበቃ ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ራውተሮች አብረው ስለሚጠፉ ለእያንዳንዳቸው 12 ቮልት የሚሰጥ ትንሽ የራውተር ባትሪ ገዝቻለሁ፤ ሲ6 የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ ይገጥማል። አንዱን ብቻ በባትሪ አድርጎ ሌላውን መተው ትርጉም የለውም፤ ሳሎኑ ከጠፋ ሰርቪስ ቤቱም ይጠፋልና። በክረምት ደግሞ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት የሚዘረጋ የመዳብ ገመድ መብረቅ በአካባቢው ሲወድቅ ኃይል ተሸክሞ ሁለቱንም ራውተሮች ሊያቃጥል ይችላል። እኛ እስካሁን ነጎድጓድ ሲበረታ ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ እንነቅላለን፤ ከመጪው ሰኔ በፊት ግን በመዳቡ ምትክ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የፋይበር ገመድ በዚያው ቱቦ ውስጥ ለማሳለፍ አስቤ ነው ቱቦውን ሰፋ ያለ የገዛሁት።